ማገጥና እንግጫ በአገው ምድር መስክ

በጎጃም እንግጫ በየዓመቱ ይነቀላል፤ በየዓመቱም ሞልቶ ይገኛል። ጳጉሜን ሲደርስ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፣ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፣ ዘመን መለወጫውን በእሱ ይቀበሉታል። እንግጫ ነቀላ የደስታ ልማድ እንጂ የእርሻ ሥራ አይደለም፤ አረም አጠፋለሁ ብላ የወጣች ልጅ የለችም። ቢሆንም ልማዱ ሳያስበው አንድ የእርሻ ማስረጃ አስቀምጦልናል። መሬቱ በክረምት ውኃ ለስልሶ ነቀላው በሚቀልበት ወቅት፣ ትውልድ ከትውልድ እየተከተለ፣ በብዙ እጅ የነቀለው ተክል ዛሬም በዚያው መስክ ይበቅላል። በመንቀል የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ልማዱ ራሱ የሚነቀል አጥቶ በቀረ ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በእንጅባራ ተረተርም ሆነ በዳንግላ ሜዳ ማገጡ ሸሽቶ እንግጫ የወረሰው መስክ ላለው ገበሬ ምክር መስጠት የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በአገው ምድር፣ በአብዛኛው በዛሬው አዊ ዞን፣ እንግጫን በልኩ ያኖረው የሚነቅል እጅም፣ ማረሻም፣ መርዝም አልነበረም። የያዘው የመስኩ አኗኗር ነው፤ ማለትም ውኃው የሚወጣበት ቦይ፣ ከብቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን፣ ሣሩ እንዲደርስ የሚጠበቅበት ቁመት። ማገጥ በመስኩ የነገሠው እነዚህ ሲጠበቁ ነው፤ እንግጫ የወረሰውም እነዚህ ሲፈርሱ ነው። ስለዚህ እንግጫ የበዛበት መስክ ታሪኩ የአረም ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የመሬት አያያዝ፣ የከብት ቁጥርና የሠፈር ውል ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ተክሎቹን እንወቃቸው። እንግጫ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ያሽከረከረ ሰው ሦስት ጠርዝ ያገኛል፤ የሣር ግንድ ግን ክብ ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። በበዓል ቀን ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቀጤማ፣ የጣና ታንኳ የሚታሰርበት ደንገል፣ በረግረግ ዳር በጉብታ በጉብታ የሚቆመው ሻካራ ቅጠል፣ በማሳ ውስጥ ገበሬን የሚያስመርረው ግጫ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ የሚባሉት ከመሬት በታች በቀጭን ሥር የተያያዙ ትናንሽ ቋጠሮዎች የሚያፈሩት ናቸው። ላይ ያለው ቅጠል ሲነቀል ቋጠሮው እዚያው ይቀራል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ደግሞ ከአንድ በላይ ቡቃያ ስላለው አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይነሳል። ሌሮይ ሆልምና ባልደረቦቹ በ1977 እ.ኤ.አ. የዓለምን ክፉ አረሞች በመጽሐፍ ሲዘረዝሩ የመጀመሪያውን ቦታ የሰጡት ለዚሁ ወገን ለአንዱ ነው። በሰሜን አሜሪካ ለአጋዘን ብለው ማገጥ የሚዘሩ አዳኞች ሳይቀሩ ከዚሁ ወገን ጋር ይታገላሉ። ድካሙ የአዊ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ማገጥ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ የአበባ ጉንጉን፣ በሥሩም ላይ ከአየር ናይትሮጅን የሚያስሩ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው ትናንሽ እባጮች አሉት። የኢትዮጵያ ደጋ የማገጥ አገር ነው፤ ከ20 በላይ ዝርያዎች ይበቅሉበታል፣ አንዳንዶቹም ከዚህ ሌላ የትም አይገኙም። አብዛኞቹ የአንድ ክረምት ተክል ናቸው። በዝናቡ መግቢያ ይበቅላሉ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ በነሐሴና በመስከረም ያብባሉ፣ ዘራቸውን ጥለው ይደርቃሉ። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ የተወሰነው ለከርሞ፣ የተወሰነውም ለዚያ ወዲያ ዓመት ይቆያል። ከመሬት ተጣብቀው እየተሳቡ ዓመት ከዓመት የሚኖሩም አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ከኬንያ ተወስዶ በአውስትራሊያ ለግጦሽ እንዲዘራ ሆኗል። ልዩነቱን ልብ ይሏል፦ እንግጫ ሀብቱን ከመሬት በታች በቋጠሮ ያስቀምጣል፣ ማገጥ ግን በአብዛኛው ሀብቱ ዘሩ ነው። ዘሩን ሳይጥል የተጋጠ ማገጥ ለሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ይተዋል፤ ሳያብብ የተጋጠ እንግጫ ግን ከቋጠሮው እንደገና ይነሳል። ያለ ወቅት በሚጋጥ መስክ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ከዚህ ብቻ መገመት ይቻላል።

የዚህ መስክ ጥንታዊነት በጽሑፍ የሚታወቀው በአባይ ምንጭ ምክንያት ነው። ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ደርሶ ምንጩን ሲገልጥ፣ ሰው ሲራመድበት የሚርገበገብ ለምለም ረግረግ እንደሆነ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በዚያው በሰከላ ግሽ ሲደርስ ምንጩን ያገኘው በረግረግ መካከል፣ በተከመረ ሣራማ ዐፈር ውስጥ ነበር። ሰከላ ዛሬ ከአዊ ዞን ውጭ ቢሆንም በዚያ ዘመን ሁለቱም ያዩት የአገው አገር ነበር። ረግረግ ባለበት የእንግጫ ወገን አይጠፋም፤ ስለዚህ «እንግጫ አዲስ መጤ ነው» የሚል ሰው ከእነዚህ ምስክሮች ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ተክሉ ከሰው በፊት እዚያ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ይሁን እንጂ ያው ብሩስ ሌላ ነገርም ይነግረናል። አገዎች ጎንደርን በከብት፣ በቅቤ፣ በማር፣ በሰምና በቆዳ የሚመግቡ ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ1000 እስከ 1500 ሰው ጭነቱን ይዞ ወደ ከተማይቱ ይጓዛል ይላል። ቅቤው በመንገድ እንዳይቀልጥ የመቅመቆ ሥር እንደሚጨምሩበትም መዝግቧል፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰምቶ ሳይሆን አይቶ የሚጽፍ ሰው ነው የሚጽፈው። አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ቅቤ ከምን ይመጣል? ለከተማ የሚተርፍ ቅቤ በእንግጫ ብቻ ከተመገበች ላም አይገኝም፤ የእንግጫ ቅጠል ለጋ ሳለ ይበላል እንጂ ሲጎለምስ ሻካራ፣ ፕሮቲኑም ጥቂት ነው። ማርም እንዲሁ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ንብ በብዛት የምትሠራው ከአደይ፣ ከመጭና ከማገጥ አበባ ነው፤ እንግጫ ግን አበባው በነፋስ የሚዳቀል ተክል ስለሆነ ለንብ ማር አይሰጥም። የጎንደር የቅቤና የማር ጭነት፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚያ አገር ሰፊና በአግባቡ የተያዘ የማገጥና የሣር መስክ እንደነበረ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው። ረግረግም መስክም ነበሩ፤ ጥያቄው አንዱ ሌላውን እንዳይወር ምን አገደው የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት የዝናቡን መጠን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳንግላ በዓመት ወደ 1600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚያ ውስጥ ከ10 እጅ 9 የሚሆነው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርድና ጭጋግ ያለባት ናት። በዚህ ዝናብ ሜዳው ለወራት ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃ በቆመበት አፈር ውስጥ አየር ያልቃል፣ የብዙ ሣር ሥር ይታፈናል። እንግጫ ግን ብዙ ወገኑ በግንዱና በሥሩ አየር የሚያስተላልፍ ክፍት ሥጋ ስላለው ውኃው ሌላውን ያፈነበትን ቦታ ይይዛል። ለዚህ በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ገበሬው የፈጠረው መልስ ፈሰስ ነው፤ በማሳና በመስክ በኩል ውኃውን አሰልፎ ወደ ጅረት የሚያወጣ ቦይ። ፈሰስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አፈር ሲሸረሽር ስለሚያመጣው ጉዳት ነው፤ ያ ጉዳት እውነት ነው። ነገር ግን ከመስኩ አንጻር ሌላ ሥራም ነበረው። ውኃው በጊዜ የወጣበት መሬት የማገጥና የሣር ነው፣ የቆመበት የእንግጫ ነው፤ ድንበሩን የሚወስነው የቦዩ አፍ መጠረጉ ወይም መደፈኑ ነው። ፈሰሱን የሚጠርገው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የላዩ ጎረቤት ቢጠርግና የታቹ ቢተው ውኃው የታችኛውን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ እንግጫን የሚከለክለው ቦይ የጎረቤት ስምምነትን ግድ ይላል።

ሁለተኛው መከላከያ ክልክል ነው። በክረምት መስክ ይከለከላል፤ ከብቱ ወደ ዳገትና ወደ ውድማ ይወጣል፣ ሣሩ በማጭድ ሲታጨድ ወይም አበባው ሲያልፍ ክልክሉ ይነሳል፤ ከዚያ ድርቆሹ ይከመራል፣ ገለባው ይጨመርበታል። ይህ የሚታየን ሣር ለማስቀመጥ ብቻ እንደተደረገ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ከእንግጫ አንጻር ሦስት ነገር ያደርጋል። ማገጥ ዘሩን ሳይጥል አይጋጥም። ሣሩ ረዝሞ ጥላ ይሆናል፤ የማሳው ክፉ ግጫ ደግሞ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ ጥላ ሲበዛበት ይደክማል፣ ቋጠሮውም ይቀንሳል። ደግሞም ከብት በጭቃ ወራት ስለማይገባበት ኮቴ አይወጋውም፤ የተወጋ ጭቃ ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል፣ ጉድጓዱም የእንግጫ ቤት ይሆናል። ክልክል በኮቴና በጥላ በኩል ለማገጥ ያለው ጥቅም ሰው ከሚያስበው የሚበልጥ ነው። ከብቱን በክረምት ለምለም ማገጥ ላይ በባዶ ሆዱ የለቀቀ ሰው በሆድ መንፋት ሊያጣው እንደሚችል የሚያውቅ እረኛ፣ ክልክሉን ለመጠበቅ ሌላ ምክንያትም ነበረው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው የከብቱ ዓይነት ነው። ላም ሣርን በምላሷ ጠቅልላ ትቆርጣለች፣ ረጅሙን ትወስዳለች። ፈረስ ግን የላይና የታች የፊት ጥርስ ስላለው ከመሬት አጠገብ ይነጫል፤ ከዚያም ፋንድያውን የሚጥልበትን ቦታ ይተዋል፣ በዚያ ቦታ ሻካራው ይረዝማል። ፈረስና ላም አብረው ሲሰማሩ አንዱ የተወውን ሌላው ይነካል፣ መስኩ እኩል ይሆናል። ፈረስ ብቻውን ሲሰማራ ግን መስኩ ገሚሱ እስከ ሥሩ የተነጨ፣ ገሚሱ ሻካራ የረዘመበት ይሆናል፣ በተነጨው በኩል እንግጫ ይገባል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወረደው የክፉ ቀን ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት እጅግ ብዙውን ጨረሰ፤ በሽታው ኮቴው የተሰነጠቀውን እንስሳ እንጂ ፈረስን አይነካም። ከክፉ ቀን ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ፈረስ በዓድዋ ያን ያህል ወሳኝ ሆኖ የተገኘው ላም ባለቀባት አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ያስታወሰው የዚያን ዘመን ፈረሰኛ ነው፤ ዛሬም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው ጉግሥና ሽርጥ ብዙ ሰው ይስባል። ስለዚህ በዓል ሲጻፍ የሚነገረው ስለ ፈረሰኛው ነው፤ ስለ ፈረሱ መኖ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፈረስ የሚጠብቅ አገር መስክ መጠበቅ አለበት፤ ፈረስ ብቻውን የሚሰማራበት መስክ ደግሞ ከላም ጋር ከሚጋራው ይልቅ ለእንግጫ የተጋለጠ ነው።

እስካሁን የገለጽኩት የጥንቱን ሥርዓት እንደ ገነት እንዳስመሰለው የሚቃወም ይኖራል። ትክክል ነው። የጥንቱ ሥርዓት ርስት ያለውንና የሌለውን እኩል አላየም፤ ዐፄ ሱስንዮስን ጨምሮ የነገሥታት ዘመቻ ከብት ሲነዳ ክልክልም ቦይም አይቀርም። ግጦሹ የወል በነበረበትም ኃይለኛው ብዙ ከብት አሰማርቷል። እኔ የምለው ሰዉ ጥሩ ነበር አይደለም፤ ሕዝቡ ጥቂትና መሬቱ ሰፊ ስለነበረ ሥርዓቱ ስሕተትን ይታገሥ ነበር እንጂ። አንድ መስክ ቢጎዳ ሌላ ነበር። ከብቱም ወደ ቆላው፣ ወደ ጃዊና ወደ መተከል ገደል አካባቢ መሄጃ ነበረው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የወሰደው ያንን ትርፍ ቦታ ነው።

የወሰደበትም መንገድ ቀስ ያለ ነው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አድርጎ ለቤተሰብ ሲያከፋፍል ርስተኛውን አወጣ፣ ለብዙ ጭሰኛም መሬት ሰጠ፤ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ክልክልን የሚጠብቀው የቀድሞው ስልጣን ሲነሳ በምትኩ ማን እንደሚጠብቀው ግልጽ አልነበረም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ደግሞ ለወጣቱ የሚሰጥ መሬት ተፈለገ። የሚሰጠውም በአንዳንድ ቦታ ከማረሻ ውጭ ካለው ከወሉ ጭምር ነበር። ማረሻ ወደ መስክ ሲገባ ለእንግጫ ሁለት ፊት አለው። ጤፍ ለመዝራት ተደጋግሞ በበጋ የሚታረስ መሬት ቋጠሮውን አውጥቶ በፀሐይ ያደርቃል፤ ይህ በእርግጥ ይቀንሰዋል። ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እርጥብ ሳለ፣ ታርሶ ለግጦሽ የተመለሰ መሬት ሰንሰለቱን ቆርጦ በማሳው ሁሉ ይዘራል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ተክል ይሆናል። ስለዚህ ከመስክነቱ ወጥቶ ወደ ማሳ የገባ፣ ከማሳም ወደ ግጦሽ የተመለሰ መሬት ከሁሉ ይልቅ እንግጫ ይወርሰዋል። የቀረው ወል መስክ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚነዳበት ከብት እየበዛበት ክልክል መያዝ አልቻለም።

ከዚያ ኬሚካሉ መጣ። በጤፍና በስንዴ ማሳ ገበሬው «ቱ ፎር ዲ» የሚለው ፈሳሽ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፣ ሣርን ይተዋል። ማገጥ ቅጠለ ሰፊ ነው፤ እንግጫ ደግሞ ከሣሩ ወገን ቀርቦ ይተርፋል፣ ቋጠሮውም አይነካም። ማሳው ዳር ያለ መስክ በዚህ ቢረጭ፣ ወይም ለአረም ተብሎ ግጦሹ ራሱ ቢረጭ፣ የሚጠፋው የተፈለገው ነው፣ የሚቀረው ያልተፈለገው። ከመዝራት በፊት ለሚያጠፋው «ራውንድ አፕ» ደግሞ ተቃራኒው ይነገራል፤ እንግጫንም ይገድላል፣ ስለዚህ መፍትሔ ነው ይባላል። ላይ ያለውን ይገድላል፤ ወደ ሥርም ይወርዳል። ግን ገና ያልበቀለ፣ የተኛ ቋጠሮ ቅጠል ስለሌለው መርዙ አይደርሰውም፤ ከረጩ በኋላ መስኩ ባዶ ሲሆን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። በሌላ አገር ማገጥን ሳይጎዱ የእንግጫን ወገን የሚያደክሙ ኬሚካሎች አሉ፣ ለምሳሌ ቤንታዞን ከነዚህ ይቆጠራል፤ ነገር ግን እሱም ቅጠሉን ያዳክማል እንጂ በአንድ ርጭት ሥሩን አይነቅልም። ኬሚካሉ ፋይዳ የለውም አልልም። በታረሰና ዳግም በሚዘራ ትንሽ ማሳ ላይ ጊዜ ይገዛል። ነገር ግን ውኃው በቆመበትና ከብቱ በየቀኑ በሚያልፍበት መስክ ላይ የተረጨ መርዝ ለቀጣዩ እንግጫ ቦታ ይጠርጋል።

ሁለተኛው ጠንካራ ተቃውሞ ከተፈጥሮ በኩል ይመጣል። የአዊ አፈር አሲዳማ ነው፣ በተለይ በባንጃና በአካባቢው፤ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ወስዶታል፣ ፎስፈረሱም በብረትና በአሉሚኒየም ታስሯል። ስለዚህ ማገጥ የሸሸው ክልክል ስለፈረሰ ሳይሆን አፈሩ ስለደከመ ነው የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ግማሹ ትክክል ነው፤ ተቃዋሚው ሳያውቅ ክርክሬንም ይደግፋል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ከብት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን አገር በቀል ማገጦች በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ሲሞክር፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ውኃ የቋጠረ አፈርን የሚችሉ፣ ነገር ግን ለፎስፈረስ እጅግ የሚመልሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ማገጥ ናይትሮጅኑን ከአየር ይሠራል፤ ፎስፈረስ ግን ከአፈር ካላገኘ ያን ማድረግ ይሳነዋል። የጥንቱ መስክ ፎስፈረሱን ያገኘው ከእበት ነው። እበት ዛሬ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ድርቆሹ ታጭዶ ይወጣል፣ የሚመለስ የለም። በአሲዳማው አፈር ላይ እበት ለዘመናት የተጫወተው ሚና ሲቋረጥ ማገጡ መራቡ አያስደንቅም። ሰዉ ለማሳው ኖራና ማዳበሪያ ሲገዛ መስኩን ይረሳል፤ ማሳና መስክ በአንድ አፈር እንደሚኖሩ ይዘነጋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የቁጥር ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ መሬቱ ጠብቧል፤ ክልክል፣ ፈሰስ፣ የተቀላቀለ መንጋ የሰፊ መሬት ጌጥ ነበሩ፤ ዛሬ ማን በክረምት መስኩን ዘግቶ ከብቱን የት ይወስዳል? ይህን ተቃውሞ በቸልታ ማለፍ አይቻልም፤ መልሱም የድሮውን መመለስ አይደለም። ግን በአዊ ምድር ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሆነውን ብናይ ያልታሰበ ነገር እናገኛለን። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ ግራር ለከሰል መትከል ጀመረ። ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያስገባል፤ ጤፉን ካጨደ በኋላ ዛፉ በሚያድግበት ጊዜ ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ያጭዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሆን ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያወጣል። ከብቱ ወደ ማሳው አይገባም፤ ሣሩ ወደ ከብቱ ይመጣል። ይህ ስም ያልወጣለት ክልክል ነው። የወሉን ክልክል ያልቻለ ገበሬ የራሱን ማሳ ክልክል አደረገ። ሥርዓቱ መሬት ሰፊ ስለሆነ ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን ይህ ያሳያል፤ መሬት ጠብቦም ይሠራል፣ ካመጣው ጥቅም ጋር ከተያያዘ።

የዲከረንሱ ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ ለመስኩ ጥሩ ዜና አይደለም። ዛፉ ጥላውን ይዞ እንግጫንም ማገጥንም አንድ ላይ ያደክማል፤ ማገጥ ብርሃን ይሻል፣ ሲጠፋበት ደግሞ ዘሩ ብቻ በመሬት ይቀራል። ውኃ የበዛበት ሜዳ ሲተከልበትም ይደርቃል፤ እንግጫው ሲሄድ ቀጤማውም አብሮ ይሄዳል። ለበዓል ወለል የሚጎዘጎዘውን ቀጤማ ለገበያ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች ያላቸውን ጥቅም መርሳት ትክክል አይደለም። እንግጫ ከመስክ ይጥፋ ማለት ከአገር ይጥፋ ማለት አይደለም፤ በረግረግ ዳር፣ በምንጭ ዙሪያ፣ በቦዩ መውጫ ውኃውን የሚያጣራና አፈሩን የሚይዝ እሱ ነው። የጥንቱም መልክ ይህ ነበር፤ እንግጫ በዳር፣ ማገጥ በመካከል። ጭቅጭቁ የተነሳው ዳሩ ወደ መካከል ሲገባ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዲከረንሱን ዝገት የሚመስል በሽታ መምታቱ ይህን ሁሉ ከታሪክነት አውጥቶ የዛሬ ጉዳይ አድርጎታል። በሽታው የመታው ማሳ ይመነጠራል፤ ባለቤቱም ወደ ጤፍ፣ ወደ ድንች ወይም ወደ ግጦሽ ይመልሰዋል። የሚያርሰው ግጦሽ ለማድረግ ከሆነ፣ እርጥብ ሳለ አንዴ አርሶ ቢተወው ያን የተቆራረጠ ቋጠሮ እንዳልኩት ይዘራዋል። በበጋ ደጋግሞ አርሶ ፀሐይ ቢያስመታው፣ ፈሰሱን ከጎረቤቱ ጋር ቢጠርግ፣ እበትና ጥቂት ፎስፈረስ ቢጨምርበት፣ የመጀመሪያውን ክረምት ከብት ሳያስገባ ማገጡ ዘር እስኪጥል ቢጠብቅ፣ እንግጫው በልኩ ይገባለታል እንጂ አይወርሰውም። ከእነዚህ አራት ነገሮች ሦስቱን ብቻውን ሊያደርግ ይችላል። ፈሰሱን ግን ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶች ካልተስማሙ አይችልም፤ በየቀበሌው የሚጻፈው የግጦሽ ውል ደግሞ እስካሁን ስለ ከብት መግቢያ ቀን ይበዛል፣ ስለ ቦይ መጥረጊያ ቀን ግን ያንሳል።